የዘይኑ የዶሮ እግር

እህቴ ዘይኑ በተቀበረች በስድስተኛው ቀን፣ ጁምዓ ነበር፣ ከመካ ወደ ጅዳ ወረድኩ። በኒ ማሊክ ሰፈር ተከራይታው የነበረውን ክፍል ባዶ አድርጌ ቁልፉን ማስረከብ ነበረብኝ። ልብሷን አጥፌ ሁለት ሻንጣ ሞላሁ። አላለቀስኩም። ከቀብሩ ወዲህ እጄም እግሬም የሌላ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

ከዙሁር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ማሪሴል ናት፤ እዚሁ ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ ከዘይኑ ጋር በአንድ ቤት ትሠራ የነበረች ፊሊፒናዊት። ክርስቲያን ስለሆነች መካ አትገባም። ሲሰገድባትም አፈር ሲለብሳትም አልነበረችም።

"ሰገዳችሁላት?" አለችኝ። የምንግባባው በተሰባበረ ዐረብኛ ነው።

"ሰገድንላት።"

"ሰው ነበረ?"

"ሐረም ነው እኮ። ብዙ ሰው ነበረ።"

ራሷን ነቀነቀችና በእጇ የያዘችውን ፌስታል ማጠቢያው ውስጥ ገለበጠችው። የዶሮ እግር ነው፤ ቢጫ፣ ጥፍሩ ያልተቆረጠ፣ ሠላሳ ያህል።

"አቴ ዘይኑ የምትወደውን ልሥራላት" አለች። አቴ በእነሱ አገር ታላቅ እህት ማለት ነው።

የምትወደውን ስትል ሰማሁ። እኛ ወሎ ዶሮ ስናርድ እግሩን የሚያነሳው ውሻ ነው። መቀስ ሰጠችኝ፤ ጥፍሩን ቆራረጥኩ። እሷ በጨው አሽታ የፈላ ውኃ ስትደፋበት ቢጫው ቆዳ እንደ ካልሲ ወለቀ።

"ሸረፊያ ገበያ ያለው ዶሮ ሻጭ ሁልጊዜ 'ለድመት ነው?' ይለኛል። 'አዎ፣ ሁለት ድመት አለኝ፣ አንዷ ሐበሻ ናት' እለዋለሁ። አቴ ይህን ስነግራት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምትስቀው።"

ነጭ ሽንኩርቱን አቁላልታ እግሮቹን ጨመረች። ጥቁር የሶያ ስጎ፣ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ስኳር፣ ከዚያ አቼቶ። ማማሰያውን አንስቼ ላማስል ስል እጄን ያዘችኝ።

"አቼቶ ከገባ በኋላ እስኪፈላ አይነካም። ጥሬ ጥሬ ይላል።"

"እኛ ሳናማስል ወጥ አንሠራም።"

"አቴም እንዲሁ ነበረች። እጇን መትቼ ነው ያስተውኳት።"

ድስቱን ከደነችው። ፊቷን ሳትመልስ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ወላሂ ብለሽ ንገሪኝ" አለች። "አቴ ከዚያ ቤት የወጣችው በእኔ ነው? ይህ አቼቶ ለእናንተ ሐራም ኖሮ፣ በኋላ አውቃ ተቀይማኝ? ሳትሰናበተኝ ነው የሄደችው። ሰባት ወር ሙሉ ይህን ሳስብ ነው የከረምኩት።"

አዎ ብላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እውነቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ እዚህ አገር የለም።

"አቼቶ ሐራም አይደለም" አልኳት። "ያስወጣኋት እኔ ነኝ።"

ነገርኳት። አንድ ጁምዓ ስልክ ደውዬ ምን በላሽ ስላት የዶሮ እግር አለችኝ፤ እየሳቀች። ሳቋን ችግሯን መደበቂያ ነው ብዬ ቆጠርኩት። ማዳሟ ለድመት የሚጣለውን ታበላታለች ብዬ ለእናታችን ደወልኩ። ዘይኑ ወድጄ ነው የምበላው ብላ ማለች፤ ሁለታችንም አላመንናትም። ማን ወዶ ይበላል? በመጨረሻ እናታችን፣ "ከዚያ ቤት ካልወጣሽ ጡቴን ይዤ እረግምሻለሁ" አለቻት። በሦስተኛው ቀን ወጥታ ይህን ክፍል ተከራየች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ አሠሪዋ ጋ ቀረ። ትኩሳት ሲይዛት ወረቀት የለኝም፣ ያዙኛል ብላ ሐኪም ቤት መሄድ ፈራች፤ ለእኔም ጉንፋን ነው እያለች ሦስት ሳምንት ተኛች። ስደርስ ሰውም አትለይም ነበር።

ስጨርስ ማሪሴል ድስቱን ከፈተች። ፈልቷል። አማሰለችው፣ እሳቱን ዝቅ አደረገችና መልሳ ከደነችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

መረቁ እስኪወፍር አንድ ሰዓት ያህል ድስቱ አጠገብ ተቀመጥን። ከዚያ ሩዝ ላይ አወጣችልኝ።

"በእጅሽ ያዢው። አጥንቱን እዚህ ፌስታል ላይ ትፊ።"

በላሁ። ለስላሳ ነው፤ ቆዳው ከንፈር ላይ ይጣበቃል።

"ይጣፍጣል?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ስድስት ቀን ሙሉ የበላሁት ሁሉ አንድ ነበር። ግን ሁለተኛ አነሳሁ፣ ሦስተኛም።

"ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ? ወድዳው ትበላ እንደነበር?"

"አልነግራትም። ትሞትብኛለች።"

ማሪሴል የያዘችውን ጋጠች። ትንንሾቹን አጥንቶች አንድ በአንድ ፌስታሉ ላይ ተፋች፤ ጣቷንም ላሰች።

"እንግዲያው እኔና አንቺ እንይዘዋለን" አለችና ሩዝ ጨመረችልኝ።