የሸጊቱ ጀርባ

ሸጊቱ «እማዬ!» እያለች በሐይቁ ዳር ስትሮጥ አደይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቱ ግን አጠገቧ ስትደርስ ዞር ብላ አለፈቻትና፣ ከኋላ የታጠበ ልብስ ተሸክማ የምትመጣውን የእንጀራ እናቷን የየሻሽወርቅን ቀሚስ ያዘች። አደይ የተዘረጋ እጇን መመለሻው ጠፋት።

«ዓመት ሙሉ ስላላየችሽ ነው፣ እቴ» አለች የሻሽወርቅ አፍራ። «ሂጂ፣ እናትሽን ሳሚ።»

ልጅቱ እንደ እንግዳ ጉንጯን ሰጠቻት።

አደይ ከአምባቸው ከተፋታች በኋላ እናቷ ዱርቤቴ ከተማ ታመው ስለነበር፣ ልጇን ለአባቷ ትታ ልታስታምማቸው ሄዳ ነበር። እናቷ ሲያርፉ ልጇን ልትወስድ መጣች። አምባቸው ግን «መጀመሪያ ትልመድሽ» አላት። የወለደችውን ልጅ ልትለማመድ!

በማግስቱ ሸጊቱን ስታጥባት ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያሉ ክብ ክብ ምልክቶች አየች።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«እማዬ ይዛኝ ነው።»

ምልክቱ የምን እንደሆነ አደይ ገና ስታየው አውቃዋለች። ነገር ግን «እማዬ» የተባለችው ሌላ ሴት ናት። ልጇን አልብሳ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደችና «እንጀራ እናቷ በጋለ ብረት አቃጥላታለች» ብላ ከሰሰች።

ፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአብዮት በዓል መፈክር ገና አልወረደም። ክሱ ከጸና የሻሽወርቅ ወህኒ ትወርዳለች፤ ሸጊቱም ለአደይ ትሰጣለች። ልጅቱን የመረመረው ወጣት ሐኪም አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው። ቆሞ መሰከረ።

«መጠናቸው እኩል ነው። የቃጠሎ ጠባሳ ይመስላሉ፣ ጓድ ዳኛ።»

«ይመስላሉ ነው ወይስ ናቸው?» አሉ ዳኛው አቶ ሣህሉ።

«ያየሁት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው። ናቸው ብዬ አልምልም። ደግሞ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ደብዝዘዋል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«በሚመስል ነገር ሰው አላስርም። ተከሳሽ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ዋግምት ነው፣ ጌታዬ።»

«እዚህ ጌታ የለም። ቀጥዪ።»

«ሳሉ አላስተኛ ሲላት ዋጋሚ ዘንድ ወሰድኋት። በምላጭ ጫር ጫር አድርገው ደሙን በቀንድ መጠጡላት። እሳቸው አሁን ሱባዔ ሊይዙ ወደ ደሴቱ ገዳም ተሻግረዋል፤ መጥሪያውም አላገኛቸውም።»

ሐኪሙ ስለ ዋግምት ሰምቷል እንጂ ጠባሳውን በልጅ ገላ ላይ አይቶ አያውቅም። ይህንኑ ሳይደብቅ ተናገረ። ዳኛው ወደ የሻሽወርቅ ዞሩ።

«እንዴት እንደተደረገ አስረጂኝ።»

«ጉልበቴ ላይ በሆዷ አስተኛኋት። “እማዬ፣ እጄን ያዢኝ” አለችኝ፤ ያዝሁላት። ምላጩ ሲነካት አንገቷን አዙራ ታየኝ ነበር። የዚያን ቀን ሌሊት እሷ ደህና ተኛች፤ እኔ ሳያት አደርሁ።»

አደይ ጆሮዋ ጋለ። የታመመችው የእሷ ልጅ፣ እጇን የያዘችው ሌላ፣ ሲያዩዋት ያደሩትም ዓይኖች የሌላ። አጠገቧ ያለውን አግዳሚ ጨብጣ ተነሣች።

«በሆዷ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የሚያስላት ልጅ በሆዷ አትተኛም፤ ትታፈናለች። ደረት ለደረት ታቅፎ ነው የሚያዝ። ካቻምና እኔ እንዲያ ነው የያዝኋት፤ ድምጿም አልተሰማ።»

«እውነቷን ነው፣ በደረት ነው» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት።

«ይህ የዋግምት ትምህርት ቤት አይደለም» አሉ ዳኛው። አደይን ግን ትክ ብለው እያዩዋት ነበር። እሷ ለአፍታ ያሸነፈች መስሏት የሻሽወርቅን ከላይ እስከ ታች ገላመጠቻት።

«ካቻምና የያዝሻት ምን ስትደረግ ነው?»

አደይ አሁን ገባት። ከንፈሯን ነከሰች። የሻሽወርቅ ቀና ብላም አላየቻት፤ ጭኗ ላይ የተኛችውን ልጅ ነጠላ ታስተካክላለች።

«ስትዋገም» አለች አደይ ቀስ ብላ።

«የደበዘዙት እነዚያ ናቸዋ» አለ ሐኪሙ ለራሱ እንደሚናገር።

ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ልጅቱ አባቷ ዘንድ እንድትቆይ፣ አደይም እሑድ እሑድ መጥታ እንድታያት አዘዙ። ሸጊቱ ከአምባቸውና ከየሻሽወርቅ ጋር ወደ ቤት ሄደች። አደይ ከሰዓት በኋላ የዱርቤቴን አውቶቡስ ተሳፈረች።