ሃያ ደቂቃ በአይጨርሴ እግር

የኮምፒውቲንግና የሒሳብ ጥምር ዲግሪ ሰነድ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። ዘጠኙም ቅጂ የታተመው በችኩሊት አጎት ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ፣ ገጽ ሰባ በሁሉም ላይ ተዘቅዝቆ ወጥቷል። ስህተቱን ስታሳየው አጎቷ፣ «ታዲያ ዘቅዝቀው ያንብቡታ! የተማሩ ሰዎች አይደሉም እንዴ?» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

በውሳኔው ቀን ጠዋት ካርቶኑን ታቅፋ ዳገቱን ስትወጣ ስልኳ ጮኸ።

«አንቺ ችኩሊት፣ ዛሬ ነው አይደል?»

«ዛሬ ነው፣ አጎቴ። እየሮጥኩ ነው።»

«መቼ ሳትሮጪ ቀርተሽ! የደወልኩት ስለ በርጩማዋ ነው። እግሯን ላስጠግናት ወይስ ይቆይ?»

«አትንካት!» አለችና ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

በርጩማዋ ከኮፒ ማሽኑ ጎን የተቀመጠች፣ አንድ እግሯ የሚወላገድ፣ የእሷን መምጣት የምትጠብቅ ዕቃ ናት። የኮንትራት ደብዳቤው ግልጽ ነበር። ፕሮግራሙ ዛሬ ከጸደቀ ችኩሊት ቋሚ መምህርት ትሆናለች። ካልጸደቀ ቀጣዩ የማጽደቂያ ስብሰባ የዛሬ ዓመት ነው፤ ኮንትራቷ ግን የቀረው አሥራ ዘጠኝ ቀን። አጎቷን ትወደዋለች። ቢሆንም የሰው መታወቂያ ፊትና ጀርባውን ኮፒ ስታደርግ ማርጀት አትፈልግም።

እሷ ራሷ ሒሳብንም ኮምፒውቲንግንም ለመማር ሁለት ዲግሪ፣ ሰባት ዓመትና አራት ጥንድ ጫማ ጨርሳለች። ሁለቱን ባንድ ዲግሪ፣ በአራት ዓመት መማር ይቻላል ብላ ሐሳቡን ያመጣችውም እሷ ናት። ለትውልድ አስባ አይደለም፤ ጊዜ ሲባክን ስታይ ስለሚያማት ነው።

ሐሳቡን ሁሉም ወደደው። ያስቸገሩት ሁለቱ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ነበሩ። የኮምፒውቲንጉ ኃላፊ «ሪስታርት» ይባላል። ፕሪንተር ቢበላሽ፣ ስብሰባ ቢካረር፣ መልሱ «አጥፉትና አብሩት» ነው። ሚስቱ ስትቆጣው እንኳ «ቆይ፣ አንዴ ወጥቼ ልግባ» ይላል እየተባለ ይወራበታል። የሒሳቡ ኃላፊ ደግሞ አንጋፋ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ፊት ለፊት ጋሼ፣ ዞር ሲሉ አይጨርሴ። ትምህርት በሰዓቱ ጨርሰው አያውቁም። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ገብታ ጫማቸውን እየዞረች ስትጠርግ፣ እሳቸው «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» ይላሉ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ስምንት ወር ሙሉ በአንዲት ክሬዲት ተጣልተዋል። ፕሮግራሙ አንድ መቶ አርባ አምስት ክሬዲት ይኑረው ተብሎ ከላይ ተወስኗል። ሰባ ሁለት ለሒሳብ፣ ሰባ ሁለት ለኮምፒውቲንግ፣ አንዷ ባለቤት አጣች። ጋሼ «እኛ ታላቅ ነን» አሉ። ሪስታርት «ተማሪ የሚመጣው በእኛ ስም ነው» አለ። በመጨረሻ ችኩሊት ሁለቱንም ሳታማክር «ልዩ ሴሚናር፣ ዝርዝሩ ወደፊት ይወሰናል» ብላ ጻፈችና አለፈች። ያም የሰፈረው ገጽ ሰባ ላይ ነው፤ በአጎቷ ቸርነት የተዘቀዘቀው።

ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ በሒሳብ ሕንፃ ተጀመረ። ሰብሳቢዋ፣ የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቷ፣ የኬሚስትሪ ሰው ናቸው፤ ተናጋሪን ሁሉ እሳት ላይ እንደ ተጣደ ነገር፣ መቼ ይገነፍል ይሆን እያሉ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ሁሉም ነገር እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ዓላማው ጥሩ፣ መምህራኑ በቂ፣ የኮርሶቹ ቅደም ተከተል ያማረ። ከዚያ ሬጅስትራሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

ይህ ሰው በሕይወቱ የሚወደው መመሪያ ብቻ ነው። ሰነዱን አንስቶ ዘቀዘቀው።

«ገጽ ሰባ ላይ አንድ ክሬዲት ወደፊት ይወሰናል ይላል። ወደፊት ማለት መቼ ነው?»

ችኩሊት ልትመልስ ተነሣች።

«እንመለስበታለን» አሉ ሰብሳቢዋ። «ሌላስ?»

ሬጅስትራሩ ሰነዱን አቀናው። «ገጽ መቶ አሥራ ስምንት። ተማሪዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን ከሒሳብ ክፍል ወጥተው ወዲያው ኮምፒውቲንግ ላብ ይገባሉ። መመሪያው የሚፈቅደው እረፍት አሥር ደቂቃ ነው። ሰነዱ የእግር መንገዱ ሰባት ደቂቃ ነው ይላል። ይህቺ ሰባት ከየት መጣች?»

«ለክቼው ነው» አለች ችኩሊት።

«በማን እግር?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እግሯን አዩ። ይህቺ ልጅ ስትራመድ አይቶ የማያውቅ የለም፤ ሻይ ለመጠጣት ስትሄድ እንኳ እሳት ለማጥፋት የምትሄድ ነው የሚመስለው።

«በራሴ» አለች፣ ድምጿ ወረድ ብሎ።

«እንግዲያው እንለካዋለን» አሉ ሰብሳቢዋ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ተነሡ።»

«አሁን?» አለ ሪስታርት።

«ወንበሩ ደግሞ ወገቤን ፈጅቶኛል። ተነሡ!»

ጋሼ ኮታቸውን እየደረቡ ጣታቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልኬቱ ትክክል የሚሆነው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ሰዓቱ ከቆመ ነው። ፈጣኑ ምንም አይነግረንም።»

«ይመዝገብ» አለ ሬጅስትራሩ። የመጨረሻው ሰው ማን እንደሚሆን ከጋሼ በቀር ሁሉም ገብቶታል።

ሬጅስትራሩ የስልኩን ሰዓት አስነሣ፤ ዘጠኝ የተከበሩ ሰዎችም እንደ ፈተና ዘግይተው እንደ ነቁ ተማሪዎች ከበሩ ተንጋግተው ወጡ። መንገዱ ዘጠኝ መቶ ሜትር ግድም ነው፤ ከሒሳብ ሕንፃ በውኃ ታንከሩ ሥር፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ በድንጋዩ ደረጃ ወርዶ ኮምፒውቲንግ በር ላይ ያበቃል። እስከ ቤተ መጻሕፍቱ አራት ደቂቃ ወሰደባቸው። ችኩሊት ፊት ፊት እየሄደች በየአሥር እርምጃው ዞር ትላለች። በዚህ አያያዝ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል። ያልፋል!

ደረጃው አናት ላይ ጋሼ ቆሙ።

«ጋሼ፣ እባክዎ!» አለች።

«አንድ ነገር ብቻ። ይህ ደረጃ አሥራ ሁለት እርከን አለው። አንዳንድ ጊዜ አንድ፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት እየዘለልኩ ብወርድ፣ በስንት ዓይነት መንገድ ልወርድ እችላለሁ?»

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«አሥራ ሁለት ብዙ ነው፤ በሦስት እንጀምር» አሉ እንዳልሰማ ሰው።

ሰብሳቢዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሦስት እርከን ወረዱ። «አንድ፣ አንድ፣ አንድ።» ተመልሰው ወጡ። «አንድ፣ ሁለት።» እንደገና ወጡ። «ሁለት፣ አንድ። ሦስት ዓይነት ነው!»

«አራት ሲሆንስ?»

ችኩሊት ዓይኗን ማመን አቃታት። ምክትል ፕሬዚዳንቷ ደረጃ ላይ ይዘላሉ። የማኅበራዊ ሳይንሱ ዲን በጎን በኩል የራሱን ሙከራ ጀምሯል። ሁለት ሴት ተማሪዎች ቆመው አፋቸውን በደብተር ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ።

«አምስት!» ብሎ ጮኸ ዲኑ። «አራት ሲሆን አምስት ነው!»

«ምን ያለፋችኋል?» አለ ሪስታርት ስልኩን አውጥቶ። «ሦስት መስመር ፕሮግራም ነው። ባንዴ ይቆጥረዋል።»

«ይቆጥረዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርህም» አሉ ጋሼ። «ስማ፤ መጨረሻዋ እርከን ላይ የሚደርስ ሰው ከየት ነው የመጣው? ወይ አንድ እርከን ከፍ ካለው፣ ወይ ሁለት እርከን ከፍ ካለው። ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ መልሱ የቀደሙት ሁለት መልሶች ድምር ነው።»

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ድምፅ ተሰማ።

«አምስትና ሦስት ስምንት» አለ ሬጅስትራሩ። መመሪያውን ገልብጦ ጀርባው ላይ እየጻፈ ነበር። «ስምንትና አምስት አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስትና ስምንት ሃያ አንድ…»

ሪስታርት ስልኩ ላይ ጣቱን ያራውጠዋል፤ ሬጅስትራሩ እስክሪብቶውን። ተሰብሳቢው ሁለት ቡድን ሆኖ፣ ግማሹ «ቶሎ በል ሪስታርት!» ግማሹ «አይዞህ ሬጅስትራር!» ይላል። ቅጽል ስሙን ፊት ለፊት መጥራታቸውን እንኳ ያስተዋለ የለም።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት!» ብለው ሁለቱም እኩል ጮኹ፤ ደረጃው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሬጅስትራሩ በሁለት በሁለት እየዘለለ ወረደ። በአሥር ዓመት ውስጥ ያ ሰው ሲዘል ያየው የለም።

ኮምፒውቲንግ በር ሲደርሱ ሁሉም ያለከልካል፣ ሁሉም ይስቃል። ጋሼ በመጨረሻ እግራቸውን መድረኩ ላይ አሳረፉ። ሬጅስትራሩ ሰዓቱን አቆመና ፊቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ሃያ ደቂቃ።»

ሳቁ ተቆረጠ።

«ያሳዝናል» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ከልባቸው። «ግን ሃያ ሃያ ነው። መንገዱ ሳይስተካከል ማጽደቅ አልችልም። የዛሬ ዓመት ይምጣ።»

ችኩሊት በርጩማዋ ወለል ብላ ታየቻት፤ ያችን የተወላገደች እግሯን ዘርግታ። ከዚያ ንዴቷ ገነፈለ።

«አሥር ደቂቃ በቂ ነበር፣ ጋሼ! ሌላው አሥር ምን ሆነ?»

«ያስተማርኩበት ነዋ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

«ያስተማሩበት!» አለች ችኩሊት። ቀልቧ ሌላ ቦታ ሄደ። ሃያ ደቂቃ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ስድሳ። በአሥራ ስድስት ሳምንት…

«ዘጠኝ መቶ ስድሳ ደቂቃ!» ብላ ጮኸች። «አሥራ ስድስት ሰዓት ነው! አንድ ክሬዲት ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ስድስት» አለ ሬጅስትራሩ፣ መመሪያውን ማየት ሳያስፈልገው።

«ገጽ ሰባ! ባለቤት ያጣችው ክሬዲት! መንገዱ ራሱ ትምህርት ይሁን። የሒሳብም አይደለች፣ የኮምፒውቲንግም አይደለች፣ መሐል ላይ ናት!»

ሪስታርትና ጋሼ ተያዩ። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም «ይሁን» አሉ።

«እረፍቱስ?» አለ ሬጅስትራሩ።

«እረፍቱ ለምንድን ነው የሚለው መመሪያው?»

«ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲዛወር።»

«ይኸው! ትምህርቱ የሚጀምረው ሒሳብ በር ላይ ነው፣ የሚያበቃው ላብ በር ላይ። ማን ነው የሚዛወረው? ጋሼ ሰዓት ቢያሳልፉ እንኳ ወደ ራሳቸው ትምህርት ነው የሚያሳልፉት።»

ሬጅስትራሩ መመሪያውን ገለጠ። «ቁጥር የሌለው ክፍል ውስጥ ትምህርት አይመዘገብም።»

«ቁጥር ስጠዋ!» አሉ ሰብሳቢዋ።

እዚያው በር ላይ ቅጽ ወጣ። ሬጅስትራሩ ይጠይቃል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ።

«የወንበር ብዛት?»

«ዜሮ።»

«መስኮት?»

«ሜዳ አይደል እንዴ፣ ምን መስኮት አለው!»

«የጣሪያ ከፍታ?»

«ወሰን የለውም» አሉ ጋሼ።

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ያን ቀን ፈጠን ይላሉ» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የክፍል ቁጥር?»

«አንድ» አሉ ጋሼ። «ቁጥር ከአንድ ይጀምራል።»

«ዜሮ» አለ ሪስታርት። «እኛ ጋ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።»

እንደገና ሊጣሉ ሲሉ ሬጅስትራሩ ቀና ሳይል «ዜሮ አንድ» ብሎ ጻፈ። «የመጨረሻ ጥያቄ። የሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ ተማሪ ይንጠባጠባል። ከኋላ ሆኖ የሚቆጥር መምህር ያስፈልጋል። ማን ነው የመጨረሻው ሰው?»

ሰብሳቢዋ ፈገግ አሉ። ሌሎቹም። ሁሉም እንደገና የችኩሊትን እግር አዩ።

«ፕሮግራሙ ጸድቋል» አሉ ሰብሳቢዋ፣ «አዲሷ ቋሚ መምህርት ከሁሉ ኋላ ትሄዳለች በሚል ግዴታ።»

ችኩሊት ዘላ፣ መጀመሪያ ሬጅስትራሩን አቀፈችው። መመሪያው መሬት ወደቀ፤ እሱም ሳያነሣው ቆመ።

የክፍሉን ታርጋ ያሠራው አጎቷ ነው። «ክፍል 01» ይላል፤ አንዱ ሒሳብ በር፣ አንዱ ላብ በር ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ታትመዋል፤ ሦስት ጊዜ አረጋግጣለች።

ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ተማሪዎች ደረጃው ላይ እየወጡ እየወረዱ ይዘላሉ። ጋሼ መሐላቸው ቆመው ጣታቸውን አንሥተዋል። ከሁሉ ኋላ፣ የስም ዝርዝር ይዛ፣ በአንድ እግሯ ቆማ በሌላው መሬት እየደበደበች ችኩሊት አለች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኗታል። ስልኳ ጮኸ።

«ደረስሽ?» አለ አጎቷ።

«ደረጃው ላይ ነኝ።»

«ቅድም ስደውልም ደረጃው ላይ ነበርሽ እኮ!»

«አንድ ነገር ብቻ ልጨምር ብለዋል።»

አጎቷ ሳቁ እስኪያልፍለት ጠበቀች። ያ ራሱ ሌላ ደቂቃ ወሰደ።

«እሺ» አለ፣ «እንግዲህ አንቺም ሥራ ይዘሻል፣ በርጩማዋን ለሰው ልስጣት?»

ችኩሊት ወደ ጋሼ አየች። ጠመኔ አውጥተው ድንጋዩ ላይ መጻፍ ጀምረዋል።

«እንዳትሰጥ!» አለች። «እግሯን አስጠግነህ ላክልኝ።»