የሴሚሲ ሰሌን

ሴሚሲ ሚስቱ ፒሲላ የምትቀጠቅጠውን የዛፍ ልጥ በእግሩ ገፋ አድርጎ ሳቀ።

"ይሄ እንኳ ካንቺ ይለሰልሳል!"

አብረዋት ለጨርቅ ልጥ የሚቀጠቅጡት ሴቶች ዱላቸውን አቆሙ። ትናንት ማታ ወንዶቹ ካቫ የሚሉትን የሥር መጠጥ ሲጠጡም ይህንኑ ቀልዷል፤ ያውም ወንድሟ ፋታይ በተቀመጠበት። ፋታይ ጽዋውን አስቀምጦ ወጣ። በቶንጋ እህትና ወንድም ከጎረመሱ በኋላ የገላ ወሬ አብረው አይሰሙም። ነውር ነው፤ ያለያያል።

"ያመኛል፣ ይደማል ብዬህ የለ?"

"ሌላ ወንድ ለምደሽ ነዋ! መድኃኒት ካማረሽ ነርሱ ወንድምሽ አይደል? ሂጂ ንገሪዋ።"

እንደማትችል ያውቃል። ደሴቲቱ ላይ ከፋታይ ሌላ ነርስ የለም።

ሴሚሲ ሲሄድ አሮጊቷ ቫይሞአና ጠጋ አለቻት። "እኔንም የወር አበባዬ ሲቆም እንዲሁ አድርጎኛል፣ ልጄ። በምን ትታጠቢያለሽ?"

"በሳሙና። ከዚያም እንዲሸት አበባ የተነከረበት የኮኮናት ዘይት እቀባለሁ። እንደ እሳት ይለበልበኛል።"

"አንቺ ሞኝ! ቁስል ላይ ሽቶ?"

ፒሲላ ዱላዋን ጥላ ተነሳች።

ፋታይ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ሲያያት አቀርቅሮ ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷም ጀርባዋን ሰጠችው።

"ነርሱን ነው የምፈልገው። ብልቴ ደርቋል። ባሌ ሲደርስብኝ ይሰነጠቃል፣ ይደማል።"

መሳቢያ ሲከፈት ሰማች።

"ሳሙና ይቅር፣ ሽቶም ይቅር" አለ ፋታይ ለግድግዳው። "ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ ነው። ይህ ቅባት ማታ ማታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እስኪያለሰልስ ሳምንታት ይፈጃል። ደም ያየች ሴት ግን ጀልባ ተሳፍራ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።"

ቅባቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ በጓሮ በር ወጣ። እሁድ እሁድ ከጉድጓድ ምድጃው ትኩስ ሥራ ሥር የሚልክላት እሱ ነበር። ከእንግዲህ እንደማይልክ ገባት።

ሲመሽ ሴሚሲ ቅባቱን አየና አጨበጨበ። "ነገርሽው! አይ ፋታይ፣ ፊቱን ባየሁት! በይ፣ ዛሬ እንሞክረዋ።"

"ወንድሜን ያጣሁበት ነው" አለች ፒሲላ። "የምቀባው እኔን እንዳያቃጥለኝ ነው እንጂ ላንተ ብዬ አይደለም።"

የሚተኛበትን ሰሌን ጠቀለለችና ደጅ፣ አሳማዎቹ ከሚተኙበት አጠገብ ዘረጋችለት። እሱ ተከትሏት ሲወጣ ተመልሳ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።