የአያልነሽ እጅ

ስልኩ ሲጮህ ሜሮን ልጇን ታቅፋ የለቅሶው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷ የተቀበረችው ትናንት ነው።

«ማማ ኪሩቤል፣» አለች ነርሷ በልጁ ስም ጠርታት፣ «ዛሬ ከዐሥር ሰዓት በፊት ልጁን አምጪው። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ለቀዶ ጥገና የሚገባው እሱ ነው። ራሱን በሰጠንሽ ሳሙና እጠቢው፤ ቅባት የሚባል ነገር እንዳይኖርበት።»

ሜሮን እሺ ብላ ዘጋች። የአራት ወር ልጇን አናት አየችው። የእናቷ ቅቤ አሁንም ፀጉሩ ሥር አለ።

ለቀስተኛው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነበር። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ታመነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሰልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሣም። ነገ ካህኑ ይመጣሉ። ለሕፃኑ ሌላ ቀጠሮ ያዢለት።»

«ሌላው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

«ታዲያ ሁለት ወር ምን አላት?»

ሜሮን ባሏን ሕዝቅያስን አየችው። ሐኪሙ ለሁለቱም ነግሯቸዋል። የኪሩቤል የራስ ቅል አጥንቶች ያለ ጊዜያቸው ተጋጥመዋል፤ አንጎሉ ሲያድግ ቦታ ያጣል። አሁን ከሆነ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ይሠራለታል። ስድስት ወር ከሞላው ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ መክፈት ነው፤ ብዙ ደም ይፈሰዋል። ሕዝቅያስ ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ፈራ።

«እስቲ እንመካከር፣» አለ መሬት መሬት እያየ።

ከጀርባዋ የጎረቤታቸው የእትዬ ሙሉሸዋ ሹክሹክታ ተሰማ። «አያልነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጇ ይከብድ ነበር። አሽታ አሽታ ነው እርግብግቢቱን የዘጋችው ይላሉ።»

ይላሉ ማለት ቀላል ነው። መጀመሪያ ያለችው ራሷ ሜሮን ነበረች።

ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ልጅ ሲወልድ የሜሮንን እናት አያልነሽን ይጠራ ነበር። ሩንዳ ባለው ቪላም ሆነ ኢምባካሲ ባለው አንድ ክፍል ቤት፣ ሕፃኑን አጥባና አሽታ እርግብግቢቱ ላይ ለጋ ቅቤ ጣል ታደርግ ነበር። የገዛ የልጅ ልጇን እርግብግቢት ግን ጣቷ ፈልጎ አጣው። በቦታው ያገኘችው እንደ ገመድ የተጋደመ ጉብታ ነበር። ሌላው ሰው «ጭንቅላቱ እንዴት ረዘመ» እያለ ሲስቅ፣ «ይህን ልጅ ሐኪም ይየው» ያለችው እሷ ናት። ሜሮን ደነገጠች፤ የደነገጠ ሰው ያገኘውን ይወረውራል።

«በእጅሽ ዘግተሽው ነዋ!» አለቻት።

አያልነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁን ራስ መንካት ተወች።

ኋላ ሐኪሙ፣ «የማንም እጅ አይደለም፤ ማሕፀን ውስጥ ሳለ የጀመረ ነው» አለ። ሜሮን ይህን ለእናቷ ለመናገር አፏ እምቢ አላት። ዛሬ ነገ ስትል ሳምንታት አለፉ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ግን ልጁን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችና የቅቤውን ብርጭቆ አጠገቧ አኖረች። ይቅርታ መጠየቋ ነበር። አያልነሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቅቤውን በጣቷ አንሥታ ቀስ ብላ ልጁን ቀባችው። ከሰዓት በኋላ ልቧ ቀጥ አለ። ይቅርታው የገባት ይሁን ያልገባት ሜሮን አታውቅም፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ከፍራሹ ተነሣች።

«እትዬ ሙሉሸዋ፣ እናቴ አልዘጋችውም። እንደዚያ ያልኳት እኔ ነኝ፤ በደልኳት። እንዳልሆነ ሐኪሙ ነግሮኝ፣ እኔ ሳልነግራት ሞተች። በሽታውን ያገኘችው የእሷ ጣት ናት። ሰልስቷን እናንተ አውጡላት። እኔ ልጁን ላድርስ።»

ሕዝቅያስ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሣና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። አቶ ታመነም፣ «ካህኑን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፣» አሉ።

እትዬ ሙሉሸዋ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አመጣች፤ ቀና ብላ ሜሮንን ማየት አልቻለችም። ሜሮን ልጁን ክንዷ ላይ አጋደመችው። ሳሙናው እዚያው አጠገቧ ነው። ጣቶቿን በፀጉሩ መሐል አሳለፈቻቸው፤ ቅቤው አወዛቸው፤ እናቷን እናቷን ሸተታት።

ሐዘንተኛ ሴት ቅቤ እንደማትቀባ እዚያ የነበሩት ሁሉ ያውቃሉ። ሜሮን ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ጣቷ ላይ የቀረውን በገዛ አናቷ ላይ ቀባች።

ከዚያ ሳሙናውን አነሣች።