ሉኬርያ ሽጉጥ ስትመርጥ

እህቴ ሉኬርያ ባሏን ፊዮዶርን ድብ ከገደለባት ወዲህ ወደ ሳልሞን ዓሣ ማጥመጃ ካምፓችን ድርሽ አላለችም ነበር። ዘንድሮ ግን «እሄዳለሁ» አለች፤ ሽጉጥ ልንገዛ ኮዲያክ ከተማ ወደ ዌንደል ሱቅ ወረድን።

ለፊዮዶርም ሽጉጡን የሸጠለት ሽማግሌው ዌንደል ነው። መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳቡት የማይተኩስ፣ ማግነም የሚባል ከባድ ሽጉጥ ነበር። አስከሬኑን ስናገኝ ሽጉጡን በግራ እጁ እንደጨበጠ ነበር፤ አንድም ጥይት አልተኮሰም።

«ቃታውን ብቻ ስስበው የሚተኩስ ስጠኝ» አለችው።

ዌንደል ሦስት ደረደረላት። ትልቁን ስታነሳ «እሱ ትከሻሽን ገንጥሎ ይጥለዋል፣ ልጄ» አላት።

«ድቡንስ?»

«ድቡንም።»

ሳቀች። ከዚያ መካከለኛውን አነሳች፤ ባዶ መሆኑን አየችና በግራ እጇ ይዛ ቃታውን ሳበችው።

«ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም። ድቡ የያዘው የፊዮዶርን ቀኝ እጅ ነበር።»

ቃታው ከባድ ነው፤ ጣቷ እስኪቀላ ደጋግማ ሳበችው። ዌንደል ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ።

«ያኔ እንዲህ ያለውን ውሰድ ብዬው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ያኛውን የመረጥኩለት እኔ ነኝ። እጀታው አምሮኝ።»

ይህን ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም። መካከለኛውን ገዝተን ወጣን።

በዚያው ሳምንት ካምፕ ገባን። ድብ አልመጣብንም። ሉኬርያ ግን መረብ እየጠገነች ድንገት ሥራዋን ታቆማለች፤ ከጥሻው ውስጥ የሚያውቃት ሰው የጠራት ይመስል «አቤት» ትላለች።