እናቷን ከገጿ ያስወጣች ልጅ

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዘመናዊ ስልክ የገዛችው ለሌላ አልነበረም፤ ልጇን በፎቶ ለማየት ነው። ቤት ውስጥ «ሚጢጢ» ነው የሚሏት። ሚጢጢ ማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ላይ ፎቶ በለጠፈች ቁጥር እናቷ ሁሉን ቀድማ ከሥሩ ትጽፋለች፤ «ሚጢጢዬ እናት ትሙትልሽ ከሳሽብኝ በላሽ ወይ»። ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ።

ሚጢጢ ግን ዶርሙን አልለመደችውም። የክፍል ጓደኞቿ ሲስቁ ተጠግታ ትስቃለች እንጂ ጨዋታው ውስጥ መግባት አይሆንላትም። አንድ ቀን የምሳ ሰልፍ ላይ አንደኛዋ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ ድምጿን እንደ እናት አለስልሳ፣ «ሚጢጢዬ፣ በላሽ ወይ?» ብላ አነበበችው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሚጢጢም አብራ ሳቀች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አልጋዋ ላይ እንደደረሰች እናቷን ብሎክ አደረገቻት።

«ለጊዜው ነው» አለች ለራሷ።

ውሎ አድሮ ጓደኛም አፈራች፣ ፎቶውም በዛ። እናቷ ስትደውል ስለ ገጿ አንድም ቀን አላነሳችባትም። ያነሳችው ታላቅ እህቷ ናት።

«አንቺ፣ እማዬን ምን አድርገሻት ነው?»

«ምን አደረግኳት?»

«ልጄ ጠፋችብኝ ብላ ስልኩን ጠጋኝ ጋ ወስዳው ነበር። ሰውየው ‹እናቴ፣ ስልኩ ጤነኛ ነው፤ ልጅዎ ናት የዘጋችብዎት› አላት። እሷ ደግሞ ‹በስህተት ነክታው ነው› እያለች ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት ተሟገተችልሽ!»

ሚጢጢ እዚያው ከፈተችላት፤ የጓደኝነት ጥያቄ ላከች፤ እናቷም ወዲያው ተቀበለች። ፎቶ ለጥፋ ጠበቀች። የሁሉም አስተያየት መጣ፣ የእናቷ ግን የለም። ደወለችላት።

«እማዬ፣ ፎቶዬን አላየሽውም?»

«አየሁት እንጂ። አምሮብሻል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ሰው መሀል ነሽ፣ እኔ ደግሞ ጽሕፈት አልችልበት። አላሳፍርሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ሚጢጢ «አላፍርብሽም» ልትል አፏን ከፈተች፤ አፍራባት ነበርና ተወችው።

«በይ ክፍልሽ እንዳያልፍብሽ» አለች እናቷ፣ መኪናዋን መርገጥ ጀምራ።

ለእረፍት ቤት ስትገባ እናቷ አገላብጣ ሳመቻት፤ አልጋዋንም ለቀቀችላት። «ጻፊልኝ እንጂ» ብላ ስትለምናት ግን ሳቅ ብላ ወደ ጨርቋ ትመለሳለች። እህቷ እንደምትለው፣ አዲስ ፎቶ በወጣ ቁጥር እናቷ መነጽሯን አድርጋ በሁለት ጣቷ እያሰፋች ታየዋለች፤ ከሥሩ ያለችውን የልብ ምልክት በድንገት እንዳትነካው እየተጠነቀቀች።