የወይን ጠጅ ክፍል የተባለው ጓዳ

ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ያለው ነጩ ቤት ታድሶ ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፓክ ሃርሶኖ ምባህ ሱኬሲን ፍለጋ መንደሩ ድረስ መጣ። ምባህ ሱኬሲ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መንደርተኛው ሁሉ እንደ አያቱ ያያታል፣ ምባህ የሚላትም ለዚሁ ነው። ሃርሶኖ ደግሞ፣ ፓክ ማለት አቶ ነው፣ ቤቱን ያሳደሰው ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ የሱራባያ ከተማ ሰው።

«ምባህ፣ የሆላንዶቹን የቅኝ ግዛት ዘመን የሚያስታውስ ከእርስዎ ሌላ አልተረፈም» አላት። «እናትዎ እዚያ ቤት ልብስ ይተኩሱ ነበር አሉ። ለእንግዶቹ ሁለት ቃል ቢናገሩልን?»

«ምን ልበል?»

«ያው ደግ ደጉን ነዋ! አትክልቱን፣ ግብዣውን፣ ሙዚቃውን…»

«ሙዚቃውን ከጓሮ ነበር የምሰማው። ከጓሮ የሚሰማው ከበሮው ብቻ ነው።»

ሃርሶኖ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷም እሺ አለችው። ልጇ ለምን እሺ እንዳለች ብትጠይቃት፣ «ምን አስመስለው እንደቀቡት ልየው ብዬ» አለች።

በምረቃው ቀን፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ በር ገባች። ምንም አልመሰላትም። ሁለት ጎረምሶች ነጭ ሱፍ ለብሰው፣ የቡሽ ባርኔጣ ደፍተው ሆላንድ ሆነዋል። አያቶቻቸው ያንን ባርኔጣ ከሩቅ ሲያዩ የመስኖ ቦይ ውስጥ ይደበቁ እንደነበር የነገራቸው የለም። የተጋበዙት እመቤቶች ከባያ በሚባል የሐር የባህል ሸሚዝ ተውበው፣ የተጠበሰ ሙዝ በሹካ እየቆረሱ «ያኔ እንኳ ሥርዓት ነበር» ይባባላሉ። ሱኬሲ አንድ በአንድ አየቻቸውና አንዳቸውም የእናቷን ተረከዝ እንደማያክሉ ወሰነች።

ሃርሶኖ እንግዶቹን እየመራ በደረጃው ሥር ካለች አንዲት ጠባብ በር ደረሰ። «ይህ ደግሞ የወይን ጠጅ ክፍሉ ነው» አለ፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ እያሳየ።

«የምን ክፍል?» አለች ሱኬሲ።

«የወይን ጠጅ፣ ምባህ።»

«ወይን ጠጅ አምልጦ እንዳይሄድ ነው መቀርቀሪያው በውጭ በኩል የተሠራው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ሱኬሲ ግን አልሳቀችም። «ወይን እዚህ ተቀምጦ አያውቅም። የተቀመጠችው እናቴ ናት። የጠረጴዛ ልብስ አሳረርሽ ብሎ ፋን ዴልደን፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ቀን ዘጋባት። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። በበሩ ሥር እጄን አስገብቼ ጣቷን ይዤ ዋልኩ።»

«ምባህ፣ እንግዶች አሉ እኮ» አለ ሃርሶኖ፣ በሹክሹክታ።

«አልጨረስኩም። ሆላንዱን ጃፓን አባረረው፣ ጃፓንም ሄደ። ነጻ ወጣን ብለን መንገድ ላይ ጨፈርን። ከዚያ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የገባው ማነው? ያንተው አያት፣ ፓክ ሳስትሮ። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ውኃ ልቀዳለት ተቀጠርኩ። የብር ማንኪያ ጠፋ ተባለ፤ እዚችው ጓዳ ከተተኝ፣ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት። ማንኪያው ከአባትህ ትራስ ሥር ተገኘ። ይቅርታ ያለኝ የለም። መቀርቀሪያውን እንኳ አልቀየረውም፤ የሆላንዱ ተስማምቶት ነበር።»

ሃርሶኖ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አያቴ የነጻነት ታጋይ ነበር!»

«ነበር። ታግሎ ታግሎ ቤቱን አገኘ።»

ከዚያ፣ ሱኬሲን ከሁሉ ይልቅ ያንገሸገሻት ነገር መጣ፤ አጨበጨቡ። አንዲት እመቤትም እንባዋን በመሐረብ ጫፍ እየነካች፣ «እንዴት ልብ ይነካል! ምባህ፣ በሩ ጋ አብረን ፎቶ እንነሳ?» አለቻት።

«ግቢና ልዝጋብሽ» አለች ሱኬሲ። «ፎቶው ያኔ ነው የሚያምረው።»

በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ሳትጨነቅ የተናገረች መስሏቸው ይሆናል፤ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ለገዛ ልጇ እንኳ ያልተነፈሰችው ነገር ነበር።

በሳምንቱ ሃርሶኖ በሾፌር አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ ላከ፣ «ከእንግዲህ እንዳይደክሙ» ከሚል ወረቀት ጋር። ፍራፍሬውን ፍየሎቹ በሉት። ወረቀቱን ግን ፍየሎቹም አልፈለጉትም።

የቤቱ ዘበኛ ቱኪራን ግን ወሬውን ይዞት ነበር። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ቀጥታ ወደ ጓዳዋ እየወሰደ የሱኬሲን ታሪክ ያወራል። ሰዉም የሆላንዱን ፒያኖ ትቶ ጓዳዋን ለማየት ይሰለፍ ጀመር። ሃርሶኖ ይህን ሲያይ የወይን ጠጁን ጽሑፍ አንስቶ ሌላ ሰቀለ። ቱኪራን መጥቶ ለሱኬሲ ነገራት።

«‹በዚህ ክፍል ሠራተኞች ይታሰሩ ነበር› ይላል።»

«ማን እንዳሰራቸውስ?»

«እሱ አልተጻፈም።»

«ራሳቸው መጥተው ታሰሩ በለኛ!» አለች። «ያን ሁሉ ትምህርት ተምሮ ሁለት ስም መጻፍ አቃተው። አንተ ጠመኔ አለህ?»

«ምባህ፣ ከሥራ ያባርረኛል።»

«ማን ይተካሃል? እሱ ራሱ የመብራቱን ማብሪያ አያውቀውም።»

በማግስቱ አብራው ሄደች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እሱ ከተሰቀለው ጽሑፍ ሥር በጠመኔ ሲጽፍ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን ስም ሁለት ሁለት ጊዜ አስነበበችው፤ ፋን ዴልደን፣ ሳስትሮ። ሃርሶኖ ሰኞ ሰኞ ያስጠፋዋል። ቱኪራንም ማክሰኞ ማክሰኞ ይጽፈዋል።